በነቀምቴ ያን ቀን ሰማንያ አንድ ነበር

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የሰው ኃይል ክፍሏ ሠራተኛ የግል ማኅደሬን ጠረጴዛዋ ላይ ዘርግታ ስታገላብጥ ቆየች። የቅጥር ደብዳቤ፣ የዝውውር ደብዳቤ፣ የእርከን ጭማሪ፣ ሁለት የምስጋና ወረቀት። አንድ ወይቦ ጠርዙ የተበላ ወረቀት ላይ ስትደርስ ቀና ብላ አየችኝና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"እማማ ሙሉነሽ፣ ይሄ የድሮ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ነው። 'በቸልተኝነት የተሳሳተ ቀን በማስገባት በመንግሥት ሥራ ላይ ጉዳት አድርሳለች' ይላል። በደርግ ጊዜ የተጻፈ ነው። አሁን ማንም አያየውም፤ ላውጣልዎት?"

"እንዳትነኪው" አልኳት።

የተቆጣኋት መስሏት ደነገጠች። እርግጥ ተቆጥቻለሁ፤ በእሷ ግን አልነበረም። ከምስጋና ወረቀቶቹ አንዱን ያገኘሁት ቢሮ በማስጸዳቴ ነው፤ ሌላው ለምን እንደተሰጠኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። ያቺን ማስጠንቀቂያ ግን ዋጋ ከፍዬ ነው ያገኘኋት፤ ደግሞም በእሷ አንዲት ሴት ልጇን አግኝታለች። ነገሩን ከሥር ልንገራችሁ።

የተወለድኩት እዚሁ ነቀምቴ ነው። አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ ገበያው አጠገብ ጨው፣ ፋኖስና ሳሙና ይሸጥ ነበር። ቤት ውስጥ ጉራጊኛ፣ ሱቅ ውስጥ ኦሮምኛ፣ ትምህርት ቤት አማርኛ እያወራሁ አደግኩ። ታይፕ ተማርኩና በአቅራቢያው ባለችው ጉቴ ከተማ በአንድ የእህል መጋዘን ጽሕፈት ቤት ታይፒስት ሆኜ ተቀጠርኩ። ስለ ደመወዙ ማውራት ያሳፍራል፤ እንለፈው። ሁለት ዓመት እንደሠራሁ በሦስት ቋንቋ የምትጽፍ ሴት ትፈለጋለች ተብሎ ወደ ነቀምቴ ተመለስኩ። የቤተሰብ ፍለጋ መዝገብ ወደሚባል ክፍል ነበር የተመደብኩት።

ክፍሉ የተከፈተው ከወሎ በድርቁ ጊዜ ለመጡት ሠፋሪዎች ነው። ሰው በጭነት መኪና ተጭኖ ሲመጣ አባት አንዱ መኪና ላይ፣ ልጅ ሌላው ላይ እየወጣ ተበታትኗል። እናት አንገር ሜዳ ስትወርድ ልጅዋ ጊምቢን አልፎ ይወርዳል። ማን ማንን እንደሚፈልግ መጻፍ፣ ከዚያም ፈላጊንና ተፈላጊን ማገናኘት የእኛ ሥራ ነበር። ከተገናኙ በኋላም ሠፋሪ ከጣቢያው የሚወጣው የይለፍ ወረቀት ካለው ብቻ ነው። ይለፉን የሚፈርመው የመሥሪያ ቤታችን ኃላፊ ጓድ ተስፋዬ ነበር። ብዙ ሠፋሪ ወደ አገሩ ይጠፋ ስለነበር ጓድ ተስፋዬ እያንዳንዱን ይለፍ የሚፈርመው ከገዛ ደሙ የሚቀዱበት ይመስል ነበር።

መዝገቡን የሚይዘው ኦቦ ገመቹ ነው። የቀድሞ የወንጌላውያን ትምህርት ቤት መምህር ሲሆን በእምነቱ ምክንያት ሁለት ጊዜ ታስሮ ተፈትቷል። በዚህ የተነሳ በየስብሰባው ላይ ዓይን ያርፍበታል። እሱ ግን ስብሰባ ላይ የሚያደርገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እርሳሱን በምላጭ ይቀርጻል።

ሥራ ያስተማረኝ እሱ ነው። ሰው ሲገባ ኦቦ ገመቹ አስቀድሞ "ታኢ፣ ተቀመጪ" ይላል እንጂ ስም አይጠይቅም። ከዚያም "ልጁን ቤት ውስጥ ምን ብላችሁ ነው የምትጠሩት?" ይላል። ሠፋሪው በጣቢያ የተመዘገበበት ስምና እናቱ የምትጠራው ስም ብዙ ጊዜ አይገናኝም። ቀጥሎ ከሰውነቱ አንድ ምልክት፣ ከአገሩ አንድ ወንዝ ወይም መስጊድ ይጠይቃል። ሁሉን በእርሳስ ካርድ ላይ ይጽፋል፤ በቀኝ ጥግ ላይ ቀኑን ያሰፍራል። ሲጨርስ ካርዱን ለባለቤቱ ጮክ ብሎ ያነብለታል። ባለቤቱ "አዎ፣ ይሄ የእኔ ቃል ነው" ካላለ ካርዱ ሳጥን አይገባም። አንድን ካርድ አራት ጊዜ ሲያነብ አይቼ "ኦቦ ገመቹ፣ ወረፋው እኮ ረዘመ" ብለው፣ "ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ወረፋው ነገም አለ። ይሄ ቃል ግን ዛሬ ካልተያዘ የለም" አለኝ።

በሰባ ዘጠኝ ግንቦት አንድ የውጭ እርዳታ ድርጅት ኮምፒዩተር ሰጠን። ነቀምቴ ውስጥ ሌላ ኮምፒዩተር ስለመኖሩ አልሰማሁም። አዲስ አበባ ሄጄ ስድስት ሳምንት ተምሬ ተመለስኩና በዳንቴል የሚሸፈን፣ ጓድ ተስፋዬ እንግዳ ሲመጣ የሚያስጎበኘው ማሽን ባለቤት ሆንኩ። ኦቦ ገመቹ ካርዱን ይጽፋል፤ እኔ ወደ ማሽኑ አስገባለሁ። ስም ሲጠየቅ ማሽኑ በደቂቃ ያወጣል። ጓድ ተስፋዬ ካርዶቹ እንዲቃጠሉ አዝዞ ነበር። ኦቦ ገመቹ "እሺ ጓድ" አለና ሳጥኖቹን ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው አዛወራቸው። በሚቀጥለው ወርም እንዲሁ አደረገ።

ማሽኑ ጠዋት ሲከፈት አስቀድሞ ቀን ይጠይቃል። ያኔ በውስጡ የራሱ ሰዓት አልነበረውም፤ ማታ ሲጠፋ ቀኑን ይረሳል። እኔም ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው የመሥሪያ ቤቱ ካላንደር እያየሁ አስገባለሁ። ሰባ ዘጠኝ ብዬ ብጽፍ ዓመቱን አልቀበልም አለኝ፤ ከሰማንያ በታች አያውቅም፤ እስከ ክረምቱ መጨረሻ ቀኑን ባዶ እየተውኩ አለፍኩት። መስከረም ሲጠባ ሰማንያ ብዬ ጻፍኩለትና ያለ ምንም ማንገራገር ተቀበለኝ። ኦቦ ገመቹ ከእርሳሱ ቀና ብሎ "አሁን አገሩን ለመደ" አለ፤ ተሳሳቅን። ጥቅምት ሠላሳን አይቀበልም፣ የእሱ ሁለተኛ ወር ሠላሳ ቀን የለውም፤ ያን ቀን ኅዳር አንድ ብለን እናልፈዋለን። ጳጉሜን አስራ ሦስተኛ ወር ስለሆነች ጨርሶ አያውቃትም፤ በጳጉሜ ማሽኑ በዳንቴሉ ተሸፍኖ ያርፋል፣ እኛ በካርድ እንሠራለን። እንዲህ እያባበልኩ አንድ ዓመት ከምናምን አሠራሁት። የፈረንጅ ቀን ማስገባት እንደነበረብኝ ትምህርት ቤትም አልነገሩኝም፣ እኔም አላሰብኩትም። መዝገቡ የእኛ፣ ሰዎቹ የእኛ፣ ቀኑስ የማን ይሁን?

ኦቦ ገመቹ ማሽኑን ባይነካም አንድ ልማድ አስያዘኝ። አርብ አርብ መዝገቡን በዲስኬት ገልብጬ ሳስቀምጥ በማሽኑ ውስጥ ያሉት ፋይሎች ዝርዝር ከነቀናቸው በወረቀት እንዲታተም ያደርጋል። ወረቀቱን ይቀበለኝና ከበሩ ጀርባ ያለ ምስማር ላይ ይሰካዋል። "ምን ያደርግልሃል?" ብለው "ምን እንደሆነ ባላውቅም፣ ትናንት ምን እንደነበረ ላውቅ ይገባኛል" አለኝ። የማተሚያ ሪቫን ማባከን ይመስለኝ ነበር።

በሰማንያ ሰኔ ላይ ዳንኤል የሚባል ቴክኒሻን ከአዲስ አበባ መጥቶ የመዝገባችንን ቅጂ በዲስኬት ወሰደ። ማሽኑ የሚሠራበት ሲስተም አርጅቷል፣ በአዲስ ይተካል፤ መዝገቡ ከአዲሱ ጋር መስማማቱን እዚያ እሞክራለሁ አለ። በሰማንያ አንድ ኅዳር፣ አንድ ሰኞ ጠዋት፣ አዲሱን ሲስተም ይዞ ተመለሰ። በባትሪ የሚሠራ ሰዓትም ይዞ መጥቶ ማሽኑ ውስጥ ተከለው። "ከእንግዲህ ቀን መጻፍ የለም" አለኝ። ደስ አለኝ። አሮጌውን ሲስተም ጠርጎ አዲሱን አስገባ፤ መዝገቡን መለሰ፤ በአርብ ዲስኬቶቻችን ላይም የመለሰውን መዝገብ ገለበጠባቸው። ሥራው የጠራ፣ እጁ ፈጣን ነበር። ማታ ምግብ ቤት ውስጥ ጓድ ተስፋዬ እንደ ሙሽራ ሲጋብዘው አየሁ።

ማክሰኞ ጠዋት መዝገቡ ይከፈትና ሁለት ስም እንደፈለግኩለት ቀጥ ይላል። የተከፈቱት ፋይሎች በዙብኝ የሚል ነገር በእንግሊዝኛ ይጽፋል። አጥፍቼ አበራለሁ፤ ደግሞ ይወድቃል። ዳንኤል መዝገቡን ፈትሾ "መዝገባችሁ ነው የተበላሸው እንጂ ሲስተሙ ደህና ነው" አለ። እልህ ያዘኝ። ሲስተሙ ከመቀየሩ በፊት አንድ ቀን ወድቆ የማያውቅ መዝገብ በአንድ ሌሊት እንዴት ይበላሻል? እየቆየሁ የሚወድቅበትን ቦታ መዘገብኩ፤ ሁልጊዜ ስምንተኛውን ወይም ዘጠነኛውን ፋይል ሊከፍት ሲል ነው። ረቡዕ ዕለት ከምስማሩ ላይ የመጨረሻውን የአርብ ወረቀት አውርጄ ከአዲሱ ዝርዝር ጋር ጎን ለጎን አስተያየሁ። በአሮጌው ላይ ኮንፊግ የምትባል አንዲት ትንሽ ፋይል አለች። በአዲሱ የለችም። መማሪያ መጽሐፌን ገለጥኩ፤ ማሽኑ በአንድ ጊዜ ስንት ፋይል መክፈት እንደሚችል የምትነግረው እሷ ናት። ሁለት መስመር ብቻ ናት። ጻፍኳትና ማሽኑን አጥፍቼ አበራሁት። መዝገቡ ቀኑን ሙሉ አልወደቀም።

ዳንኤል አጠገቤ ቆሞ "እንዴት አወቅሽው?" አለኝ። ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። ስድስት ሳምንት የተማርኩ የነቀምቴ ታይፒስት የአዲስ አበባውን ቴክኒሻን ረታሁ! ያ ኩራት ነው በማግስቱ ያጠፋኝ።

ሐሙስ ዕለት ወይዘሮ ዘይነባ መጣች። የወሎ ሴት ናት፤ ከአንገር ጣቢያ አንድ ቀን ተኩል በእግሯ ተጉዛ ነው የምትመጣው። ሰይድ የሚባል የዘጠኝ ዓመት ልጅዋ በመኪና ሲጫኑ ተለይቷት ነበር። በጥቅምት ኦቦ ገመቹ ልጁ ጊምቢን አልፎ ባለ ጣቢያ መገኘቱን ካርዱን አንብቦ ነግሯታል፤ ከጣቢያዋ ፈቃድ ይዛ እንድትመለስና ይለፍ እንዲጻፍላት ቀጥሯታል። ፈቃዱን ይዛ መጣች። ኦቦ ገመቹ ለሥራ ጉቴ ሄዷል። ጓድ ተስፋዬ ደግሞ የተጠገነውን ማሽን ሊያይ ከበስተኋላዬ ቆሟል።

ስሟን ጻፍኩ። የለም። የልጁን ስም ጻፍኩ። ሌሎች ሰይዶች ወጡ፤ የእሷ ግን የለም።

"እትዬ ዘይነባ፣ የለም" አልኳት።

"ኧረ አለ የኔ እህት። ሽማግሌው አንብበውልኛል፤ ግንባሩ ላይ ጠባሳ ያለው፣ ወላሂ እሱ ነው። ደግመሽ እይልኝ።"

የኦቦ ገመቹ የካርድ ሳጥን ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ ተቀምጧል። ተነስቼ መሳቢያውን መሳብ እችል ነበር። አልተነሳሁም። "ሁሉም ካርድ እዚህ ውስጥ ገብቷል፣ ያስገባሁትም እኔ ነኝ። እዚህ ከሌለ የለም" አልኳት። ይህን ያልኩት በገዛ አፌ ነው። እሷም ፈቃዱን አጣጥፋ ብብቷ ውስጥ ከተተችና ወጣች። ሲያለቅስ ብዙ ሰው አይቻለሁ። እሷ አላለቀሰችም።

ጓድ ተስፋዬ ግን የሰማውን ይዞ ሄደ። አርብ ኦቦ ገመቹ ሲመለስ ሳጥኑን አስከፈተውና የዘይነባን ካርድ አወጣ። ካርዱ አለ፤ በእርሳስ የተጻፈ ነው። በማሽኑ ውስጥ ግን የለም። "ሠፋሪ ከጣቢያ የሚያስኮበልል ሐሰተኛ ካርድ" አለ። ኦቦ ገመቹ ካርዱን ተቀብሎ እንደ ልማዱ ጮክ ብሎ አነበበውና "ቃሉ የእሷ ነው። የጻፍኩት እኔ ነኝ" አለ። ከቢሮ ታገደ። ሰኞ ግምገማ ይቀመጥበትና ለፖሊስ ይተላለፋል ተባለ። ሁለት ጊዜ ታስሮ ለወጣ ሰው ሦስተኛው ምን ማለት እንደሆነ ነቀምቴ ውስጥ የማያውቅ አልነበረም።

ለእኔ አንድ በታይፕ የተጻፈ ወረቀት መጣ። "ይህ ካርድ ወደ ማሽኑ እንዳስገባ ተሰጥቶኝ አያውቅም" ይላል። ፈርሚ ተባልኩ።

"ጓድ፣ አላስታውስም" አልኩት። እውነቴን ነው፤ በቀን ስንት ስም ነው የማስገባው።

"አላስታውስም ማለት አልተሰጠኝም ማለት ነው።"

"አይደለም። አላስታውስም ማለት አላስታውስም ማለት ነው። እስከ ሰኞ ልይ።"

"ጓድ ሙሉነሽ፣ ገና ወጣት ነሽ። ከማን ጋር እንደምትወድቂ አስቢ።"

ቅዳሜ ጠዋት የኅዳርን ካርዶች አውጥቼ አንድ በአንድ ማሽኑን ጠየቅኩት። አንዱም የለም። ጥቅምትን ሞከርኩ፤ የለም። መስከረም፣ ነሐሴ፣ ሐምሌ፤ ባዶ። ሰኔ ላይ ስደርስ እስከ ሰኔ አጋማሽ ያለው ሁሉ አለ፤ ከዚያ ወዲህ ግን አንድም የለም። አምስት ወር ሙሉ በእጄ የጻፍኩት መዝገብ ጠፍቷል። ኦቦ ገመቹ አልዋሸም። ማሽኑ ነው ሰኔ ላይ ተኝቶ የቀረው፤ እኔም ተኝቶ የቀረ ማሽን አምኜ ለእናት ልጅሽ የለም ያልኩ ነኝ።

ሰኔ አጋማሽ ላይ ምን ነበር? ዳንኤል ቅጂውን የወሰደው ያኔ ነው። የዳንኤል ዲስኬት መሳቢያው ውስጥ ተቀምጧል። የውስጡን ዝርዝር አተምኩት። ከምስማሩ ላይ ደግሞ ሲስተሙ ከመቀየሩ በፊት የነበረውን የአርብ ወረቀት አወረድኩ። ሁለቱን ጠረጴዛ ላይ አስተካክዬ አስቀምጬ ለረጅም ጊዜ አየኋቸው። ስረዳው ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ጮክ ብዬ ተሳደብኩ። ማንን እንደሰደብኩ አልነግራችሁም፤ ግማሹ ራሴን ነው።

ሰኞ አዳራሹ ሞልቷል። ኦቦ ገመቹ ፊት ለፊት ለብቻው ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ምላጭ ስለተከለከለ እጁ ባዶ ነው። ዳንኤል ለምስክርነት ተጠርቷል። ጓድ ተስፋዬ ክሱን አነበበና ወደ እኔ ዞረ።

"ፈረምሽ?"

"አልፈረምኩም፣ አልፈርምምም። ከማሽኑ ውስጥ የጠፋው አንድ ካርድ አይደለም። ከሰኔ አጋማሽ ወዲህ ያለው ሁሉ የለም።"

ሰው ተንጫጫ። ጓድ ተስፋዬ ጠረጴዛውን መታ። "እንዲያውም ይብሳል! ጠፋ ማለት አጠፋው ማለት ነው። ይሄ ዓይን ያወጣ አሻጥር ነው!"

"ዳንኤልን አንድ ነገር ልጠይቅ" አልኩ፤ እስኪፈቀድልኝም አልጠበቅኩም። "አዲሱን ሲስተም ስታስገባ የእኛ መዝገብና የአንተ የሰኔ ቅጂ ነበሩህ። የትኛውን መለስክ?"

"ሁለቱን አቅርቤ አዲሱን እንዲመርጥ ነው ያዘዝኩት። የሚሠራበት የእናንተው ስለሆነ እሱን ይመርጣል።"

"አዲሱ የቱ እንደሆነ ማሽኑ በምን ያውቃል?"

"ፋይሉ ላይ ባለው ቀን።"

ሁለቱን ወረቀቶች ይዤ ወደ ጓድ ተስፋዬ ሄድኩ። "ጓድ፣ ዘንድሮ ዓመቱ ስንት ነው?"

"ምን ማለትሽ ነው?"

"ስንት ነው?"

"ሰማንያ አንድ።"

"ይሄው፤ ይህ የእኛ መዝገብ ነው። የመጨረሻው አርብ፣ ኅዳር ዘጠኝ፣ ሰማንያ አንድ ይላል። ይሄ ደግሞ የዳንኤል ቅጂ ነው። የሰኔ መዝገብ ነው፤ አዲስ አበባ በፈረንጅ ቀን በሚሠራ ማሽን ስለተከፈተ ሰማንያ ስምንት ይላል። ለማሽን ከሰማንያ አንድና ከሰማንያ ስምንት የትኛው አዲስ ነው?"

ዳንኤል ወረቀቶቹን ከእጄ ወስዶ አየ፤ አንገቱ እስከ ጆሮው ቀላ። ሊክድ ይችል ነበር፤ ያኔ ከእሱ ይልቅ ኦቦ ገመቹን መጣል ቀላል ነው። "ትክክል ናት" አለ። "አሮጌውን በአዲሱ ላይ የጫንኩት እኔ ነኝ። ቀኑን ማየት ነበረብኝ።"

ጓድ ተስፋዬ ግን የተሰበሰበ ጉባኤ ያለ ጥፋተኛ እንዲበተን የሚወድ ሰው አልነበረም። "በመንግሥት ማሽን ላይ ይህን ቀን ስታስገባ የኖረችው ማን ናት?"

"እኔ።"

"ማን አዘዘሽ?"

"ማንም። ግድግዳው ላይ ያለውን የመሥሪያ ቤቱን ካላንደር እያየሁ ነው። ለዚህ ስብሰባ የተጠራሁበት ደብዳቤም ሰማንያ አንድ ነው የሚለው፤ እሱም አሻጥር ይሆን?"

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፤ ሳል አስመስሎ ዋጠው። ጓድ ተስፋዬ ፊቱ ተለዋወጠ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፣ የአንድ ወር ደመወዝ ቅጣት፣ ወደ ሩቁ ኑኑ ቁምባ ወረዳ ዝውውር፤ እዚያው ወሰነብኝ። ማስጠንቀቂያው ተጽፎ መጣና በግራ እጁ ገፋልኝ።

እስክሪብቶውን አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩት። "ጓድ፣ ጥፋቱ የእኔ ከሆነ ካርዱ እውነተኛ ነው። ካርዱ እውነተኛ ከሆነ ደግሞ ኦቦ ገመቹ ወደ ሥራው ይመለሳል፣ የወይዘሮ ዘይነባም ይለፍ ይፈረማል። ይለፉን እዚህ ይፈርሙልኝ፤ እኔም ይህን እፈርማለሁ። ካልፈረሙ ግን ጥፋቱ የእኔ አይደለም ማለት ነው፤ እንደገና እንመርምር። ሲስተሙን ማን አስገዛ፣ ካርዶቹ እንዲቃጠሉ ማን አዘዘ ከሚለው እንጀምራለን።"

ጓድ ተስፋዬ የይለፍ ጥራዙን አስመጣ። እሱ ፈረመ፤ እኔም ፈረምኩ። ኦቦ ገመቹ ተነስቶ በአጠገቤ ሲያልፍ ቀስ ብሎ "ገላቶሚ፣ ኢንታላ ኮ" ብሎ አመሰገነኝ። ከዚያም "ካላንደሩን ማምጣት ነበረብሽ" ብሎ ቀለደ። እስከ ቢሮ ድረስ በሳቅና በለቅሶ መካከል ሆኜ ሄድኩ።

ከመዛወሬ በፊት ሦስት ሳምንት ተሰጠኝ። ያ ሁሉ ጊዜ እሱ ካርዱን ጮክ ብሎ እያነበበ እኔ ወደ ማሽኑ ስመልስ ነው ያለፈው። የመጀመሪያውን ካርድ ሲያነሳ "ከቀኑ ጎን የማን ቀን እንደሆነ ጻፊ" አለኝ፤ አንድ ቦታ ፈጠርኩና ጻፍኩ። ዳንኤልም አዲስ አበባ ከመመለሱ በፊት ሁለት ቀን አብሮን ተቀምጦ ጻፈ። ይህን ስላደረገ ይቅር ብዬዋለሁ።

ይለፉን ለዘይነባ ራሴ ነው ያደረስኩላት። ሳምንቱ ሳያልቅ በጭነት መኪና አንገር ጣቢያ ወረድኩ። ቤቷ ስደርስ ሴቶች ከበዋት ተቀምጠዋል። ለሰይድ ሐዘን ተቀምጣ ነበር። የለም ያልኳት ቀን ወደ ቤቷ ሄዳ ልጄ ሞቷል ብላ ተቀመጠች።

ይለፉን ሰጠኋትና ነገርኳት። ሴቶቹ እልል አሉ። እሷ ግን ወረቀቱን በሁለት እጇ ይዛ እያየችኝ እንዲህ አለች፦ "አላህ ይስጥሽ። ግን ልጄን አንድ ጊዜ ቀብሬዋለሁ፤ የቀበርሽው አንቺ ነሽ። ከእንግዲህ ለማንም ሰው የለም አትበይ። አላገኘሁትም በይ።"

ይህን ያህል የከበደኝ ቅጣት ጓድ ተስፋዬ አልቀጣኝም። ኑኑ ቁምባ በዚያ አጠገብ መዝናኛ ነበር። እዚያ ሦስት ዓመት የመጋዘን ካርድ ጻፍኩ፤ ባልም ያገኘሁት እዚያው ነው። መንግሥት ሲለወጥ ነቀምቴ ተመለስኩና በሐኪም ቤት ካርድ ክፍል እስከ ጡረታዬ ሠራሁ። በእነዚያ ዓመታት ካርዱ የጠፋበት በሽተኛ መስኮቱ ጋ ሲቆም "የለም" ብዬ አላውቅም። "ገና አላገኘሁትም፣ ተቀመጥ" እላለሁ። አለቆቼ ወረፋ ታስረዝሚያለሽ ብለው ሲቆጡ፣ ወረፋው ነገም አለ እላቸዋለሁ።

ሰይድን አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ። ኑኑ ቁምባ ሳለሁ ለሥራ ነቀምቴ መጥቼ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ከእናቱ ጋር ቆሞ። ግንባሩ ላይ ጠባሳ አለው፤ ልክ ካርዱ ላይ እንደተጻፈው። ዘይነባ በሩቁ አየችኝና ራሷን ነቀነቀች። አልቀረበችኝም፤ እኔም አልቀረብኳትም። ልጁ ሸንኮራ ይልጥ ነበር።

ይህን ሁሉ ለሰው ኃይል ሠራተኛዋ ስነግራት ሻይዋ ቀዘቀዘ። ማስጠንቀቂያውን አንሥታ እንደገና አነበበችው።

"ታዲያ የተሳሳተ ቀን የሚለው ሐሰት ነዋ!" አለችኝ። "ይህንን ነው ማስወጣት የነበረብዎት።"

"ሐሰት ነው። ያስገባሁት ቀን ትክክል ነበር፤ ነቀምቴ ያን ቀን ሰማንያ አንድ ነበር። ግን የዘይነባን ይለፍ ያስፈረምኩት ይህን ሐሰት ፈርሜ ነው። ካወጣሽው የከፈልኩትን አወጣሽ ማለት ነው። መልሰሽ እሰሪው።"

መልሳ አሰረችው። ከዚያም የጡረታውን ቅጽ አቀረበችልኝ። ስሜን ጻፍኩ፣ ፈረምኩ፣ ከፊርማዬ ሥር ቀኑን በእኛ አቆጣጠር አሰፈርኩ።

"ይቅርታ እማማ፣ ሲስተማችን የሚቀበለው በፈረንጅ ነው" አለችኝ።

"አንቺ ገልብጪለት" አልኳት። እስክሪብቶውን ገና አልመለስኩላትም ነበር፤ ከቀኑ ጎን ጎላ አድርጌ ዓ.ም. ብዬ ጻፍኩበት።